ፍሪሲዮን የሚበላው የፎርጅድ ዕቃ ብቻ አይደለም፦ የገጠሩ ፒክአፕና የማይቆጠረው ወጪ

ክረምት ሲገባ የገጠሩ መንገድ ሥራ ይበዛበታል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከዩኒየን መጋዘን ወደ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ከዚያም ወደ ቀበሌ ይጓጓዛል። የእንስሳት ክትባት በበረዶ ሣጥን ታሽጎ ይወጣል፤ የግብርና ባለሙያውም ለክትትል ወደ ማሳ ይወርዳል። ትልቁ ጭነት የአይሱዙና የከባድ መኪና ድርሻ ቢሆንም፣ ጭቃው ከባዱን መኪና ሲመልሰው የቀረውን መንገድ የሚሸፍነው አብዛኛውን ጊዜ የናፍጣ ፒክአፕ ነው። ይህ መኪና በሐምሌ ዳገት ላይ ሲቆም የዘር ጊዜ አይጠብቀውም። መካኒኩ ወርዶ ሲያየው ከሚሰጣቸው መልሶች መካከልም አንዱ ከዓመት ዓመት አይለወጥም፤ «ፍሪሲዮኑ አልቋል» ይላል።

ጥፋቱ ዘወትር የሚጣለው በመለዋወጫው ላይ ነው። ባለንብረቱ ዕቃው ፎርጅድ ነው ይላል፤ ነጋዴው ሾፌሩን ይወቅሳል፤ ሾፌሩም መንገዱን። ሦስቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። ይሁን እንጂ የፍሪሲዮን ዕድሜ ሲመረመር ከዕቃው ጥራት የሚቀድሙ ሁለት ጉዳዮች ይገኛሉ። አንደኛው መኪናው ምን ያህል ጭኖ፣ በየትኛው ማርሽ ከዳገት ላይ እንደሚነሣ ነው። ሁለተኛው ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ቮላኖ ምን ዓይነት እንደሆነና ዕቃ በሚቀየርበት ጊዜ ምን እንደሚደረግለት ነው። ይህ ሁለተኛው ጉዳይ አዳዲሶቹ ፒክአፖች ከመጡ ወዲህ ከቀድሞው እጅግ የተለየ መልክ ይዟል። ባለንብረቱን ሳያስበው ለትልቅ ወጪ የሚዳርገውም እሱ ነው።

ሸራው የሚያልቅባት አጭር ጊዜ

ቮላኖ ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ የሚታሰር ከባድ ክብ ብረት ሲሆን፣ ሞተሩ በዞረ ቁጥር አብሮ ይዞራል። በጠርዙ ዙሪያ ያለው ጥርስ መኪናው ሲቀሰቀስ ሞተሪኖው የሚይዘው ነው። ከቮላኖው ፊት ለፊት በሁለት ጎኑ ሸራ የለበሰው የፍሪሲዮን ዲስክ ይቀመጣል። ዲስኩን ከኋላው በጠንካራ ሞላ የሚገፋ ተጫኝ ሰሌዳ ይደግፈዋል። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የሞላው ጫና ይነሣና ዲስኩ ነጻ ይሆናል። እግሩን ሲያነሣ ዲስኩ በቮላኖውና በሰሌዳው መካከል ተጣብቆ የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮ ያስተላልፋል።

ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥም ሆነ ሙሉ በሙሉ ሲለቀቅ ሸራው አይበላም። የሚበላው በሁለቱ መካከል፣ ቮላኖው በፍጥነት እየዞረ ዲስኩ ግን ገና እየተከተለው ባለበት ጊዜ ነው። በዚያች ቅጽበት ሰበቃው ሙቀት ይፈጥራል። ሙቀቱ ሸራውን ይበላዋል፤ የቀረው ደግሞ ወደ ቮላኖው ብረት ይገባል። ስለዚህ የፍሪሲዮን ዕድሜ የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም። መኪናው ስንት ጊዜ ከቆመበት እንደተነሣና በእያንዳንዱ መነሣት ምን ያህል ሙቀት እንደተፈጠረ ይወስነዋል። በአስፋልት ላይ ረጅም መንገድ የሚሄድ ፒክአፕ በአንድ ፍሪሲዮን ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። በአንጻሩ በየመቶ ሜትሩ ቆሞ በጭቃ የሚነሣው በአንድ ክረምት ሊጨርሰው ይችላል። ሁለቱ ከአንድ ሱቅ የተገዛ አንድ ዓይነት ዕቃ ቢያስገቡም ውጤቱ ያው ነው።

በሜዳ ላይ ለሚነሣ መኪና በፍሪሲዮኑ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት፣ ዲስኩና ቮላኖው እኩል መዞር በሚጀምሩበት ቅጽበት መኪናው ካገኘው የእንቅስቃሴ ኃይል ጋር ተቀራራቢ ነው። ይህ ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል። የተለመደው ባለ አምስት ማርሽ የናፍጣ ፒክአፕ አንደኛ ማርሹ 4.3፣ ሁለተኛው 2.3 ገደማ ነው። በሁለተኛ ማርሽ የሚነሣ ሾፌር ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እስኪይዝለት መኪናው ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ፍጥነት ማግኘት አለበት። ሙቀቱም በዚሁ መጠን ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። አንደኛ ማርሽ «ለከባድ መኪና ነው» ብሎ በሁለተኛ የመነሣት ልማድ በብዙ ሾፌሮች ዘንድ ይታያል፤ ዋጋው ግን ይህን ያህል ነው። ማርሽ ለመቀየር የሚያልፈውን ሁለት ሰኮንድ ለማትረፍ ሲባል ሸራው በሦስት እጥፍ ይከፍላል።

ዳገት ላይ ስሌቱ የበለጠ ይከብዳል። ከሞተሩ ጉልበት የተወሰነው መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ለመያዝ ይውላል፤ ወደ ፊት የሚገፋው የተረፈው ብቻ ነው። ግማሹ ጉልበት በመያዝ ካለቀ ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተትበት ጊዜም ሙቀቱም በሜዳ ላይ ከነበረው እጥፍ ይሆናል። ለምሳሌ ሙሉ ጭነቱን ይዞ 2.8 ቶን የሚመዝን ፒክአፕ በእንዲህ ያለ ዳገት ላይ ሳለ ሰባት ኩንታል ተጨማሪ ቢጫንበት ክብደቱ 3.5 ቶን ይሆናል፤ ጭማሪው አንድ አራተኛ ነው። በፍሪሲዮኑ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ግን በሁለት ሦስተኛ ገደማ ይጨምራል። መኪናው «ችሎት ወጣ» ሲባል የሚሰማው ሰው ይህን አያየውም። ቮላኖው ግን መዝግቦታል።

አሥር ኩንታል የሚለው ቁጥር

አብዛኞቹ የናፍጣ ፒክአፖች አንድ ቶን ገደማ እንዲሸከሙ ተሠርተዋል። ይህ ቁጥር በገበያም በመናኸሪያም «አሥር ኩንታል» ተብሎ ይታወቃል፤ በቂ ያልሆነ ግንዛቤ የሚፈጥረውም እዚሁ ላይ ነው። አንድ ቶን ማለት ከኋላ የሚጫነው ብቻ አይደለም፤ በጋቢና ውስጥ የሚቀመጡት ሰዎችም በዚያው ውስጥ ይቆጠራሉ። ደብል ጋቢና መኪና አምስት ሰው ሲይዝ ሦስት ኩንታል ተኩል ገደማ አብሮ ይዟል ማለት ነው። ከኋላ የሚቀረው ስድስት ኩንታል ተኩል ብቻ ሲሆን፣ በ50 ኪሎ የማዳበሪያ ከረጢት ሲቆጠር 13 ከረጢት ነው። በላዩ ላይ የሚንጠላጠል ሰው፣ የተጨማሪ ናፍጣ ጀሪካን፣ ከፋብሪካው ውጭ የተበየደ የብረት ፍርግርግ ሲጨመር ቁጥሩ የበለጠ ያንሳል።

ብዙውን ጊዜ የሚጫነው ከዚህ እጥፍ የሚጠጋ መሆኑን ገበሬውም ሾፌሩም ያውቃሉ። ምክንያቱ ስግብግብነት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ኮንትራት የሚይዙ አርሶ አደሮች የመኪናውን ኪራይ በኩንታል ይካፈላሉ። ስለዚህ ተጨማሪ ኩንታል በተጫነ ቁጥር የእያንዳንዳቸው ድርሻ ይቀንሳል። ባለመኪናው ደግሞ ነዳጅ በተወደደበት ጊዜ ሁለት ዙር ከመመላለስ በአንድ ዙር መጨረስን ይመርጣል። በዕለቱ ሁሉም ተጠቃሚ ይመስላል። ሸራው ሲያልቅና ቮላኖው ሲሰነጠቅ ግን ሂሳቡ ወደ ባለመኪናው ይመጣል፤ እሱም በሚቀጥለው ወቅት ኪራዩ ላይ ይጨምረዋል። አርሶ አደሩ በሐምሌ ያተረፈውን በጥር፣ እህሉን ወደ ገበያ ሲያወርድ ይመልሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይህን ለመሰለው ነው።

የተጫነው ክብደት ከሸራው አልፎ ባሌስትራን፣ ፍሬንንና ጎማንም የሚጎዳ መሆኑ ግልጽ ነው። በተለይ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሰው ሕይወት ጉዳይ ስለሚሆን ብቻውን ሌላ ትንታኔ ይፈልጋል።

ከፍታው የሚወስደው ጉልበት

የክልሉ መልክዓ ምድር ለፍሪሲዮን ደግ አይደለም። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ በሁለቱም በኩል ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ መልሶም ይወጣል። ደባርቅን ከቆላው የሚያገናኘው የሊማሊሞ መጠምዘዣ፣ ከደብረ ሲና በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ የሚያልፈው ጣርማ በር፣ ወደ ጉናና ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ የሚወስዱት የገጠር መንገዶች ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ዳገት ናቸው፤ አየራቸውም ስስ ነው።

በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ በ3,000 ሜትር ደግሞ በአንድ አራተኛ ገደማ። ተርቦ የሌለው የድሮ የናፍጣ ሞተር ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ተርቦ ያለው ሞተር ይህን ጉድለት በአብዛኛው ይክሰዋል ተብሎ ይታመናል፤ ያም ትክክል ነው፤ ግን ተርቦው መሥራት ከጀመረ በኋላ ነው። ከቆመበት በሚነሣበት ቅጽበት፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ላይ ሳለ፣ ተርቦው ገና አየር አልገፋም። ያን ጊዜ አዲሱ መኪናም እንደ አሮጌው ስስ አየር ይተነፍሳል። ሾፌሩ ሞተሩ እንዳይጠፋበት ነዳጅ ይሰጣል፤ ዙሩ ይጨምራል፤ ፍሪሲዮኑንም አንሸራትቶ ያስነሣዋል። በቆላ ያለ ምንም ችግር ይነሣ የነበረው መኪና በደጋ የሸራ ሽታ የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ መፍትሔው ብዙውን ጊዜ በመኪናው ውስጥ አለ፤ ግን ሳይነካ ይቀራል። አራት በአራት ፒክአፖች ከዋናው ካምቢዮ ሌላ ዝቅተኛ ማርሽ አላቸው፤ በሾፌሮች ዘንድ «አራት ኤል» ይባላል። ይህ ማርሽ የጎማውን ፍጥነት በ2.5 እጥፍ ገደማ ስለሚቀንስ ፍሪሲዮኑ የሚይዘው መኪናው ገና በእግር ጉዞ ፍጥነት እያለ ነው። በመነሣት ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ወደ አንድ ስድስተኛ ሊወርድ ይችላል። ጭቃ ውስጥ የገባን መኪና ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወዛወዙ ለማውጣት መሞከር ደግሞ ሸራን በደቂቃዎች ከሚጨርሱት ነገሮች ዋነኛው ነው። የኋላ ማርሽም እንደ አንደኛ ማርሽ ከባድ በመሆኑ ሾፌሩ ከመጠን በላይ ነዳጅ ይሰጣል። እዚያ ቦታ አራት ኤልን መጠቀም፣ ወይም ጭነቱን ማራገፍና ድንጋይ ማንጠፍ ይሻላል። ዝቅተኛው ማርሽ በደረቅ አስፋልት ላይ ሲታጠፉ ሌላ ጉዳት ስለሚያስከትል ለጭቃና ለሸርተቴ መንገድ ብቻ ነው።

ቮላኖው የሚረሳበት ጥገና

ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት። አድካሚ ሥራ ነው፤ የእጅ ዋጋውም አንድ ዲስክ ቢቀየር ወይም ሁሉም ቢቀየር ብዙ አይለያይም። ሆኖም ባለንብረቱ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲል ዲስኩን ብቻ ማስቀየሩ፣ አልፎ ተርፎም በአሮጌው ዲስክ ላይ አዲስ ሸራ ማስመታቱ የተለመደ ነው። አዲሱ ሸራ ሙቀት ባጠመመው ቮላኖና በደከመ ሞላ መካከል ይገባል። ከሳምንታት በኋላ መንቀጥቀጥና መንሸራተት ይጀምራል፤ ከዚያም «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል።

ብዙ ሙቀት የደረሰበት ቮላኖ በዐይን ይታወቃል። ሰማያዊ ወይም ወደ ጥቁር የሚያደላ ነጠብጣብ ብረቱ በዚያ ቦታ እንደጠነከረ ያሳያል። በጸጉር የሚመሰሉ ስንጥቆች ሙቀትና ቅዝቃዜ ተፈራርቀውበት እንደደከመ ይናገራሉ። ሸራው የነበረበት ቀለበት ከዳር ካለው ብረት ዝቅ ብሎ ከተገኘ ደግሞ ተበልቷል። በድሮው ባለ አንድ ክፍል ቮላኖ እነዚህ ሁሉ መፍትሔ ነበራቸው። ቶርኖ ቤት ተወስዶ ፊቱ ይላጋል፤ ፋብሪካው ካስቀመጠው ውፍረት እስካልወረደ ድረስ ለሌላ ዙር ያገለግላል። የቶርኖ ቤቱ ሥራ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአንዳንድ ቮላኖዎች ተጫኝ ሰሌዳው የሚታሰርበት ጠርዝና ሸራው የሚያርፍበት ፊት ከፍታቸው ይለያያል። አንዱ ሲላግ ሌላውም በዚያው ልክ ካልተላገ ሞላው የሚጫነው ኃይል ይቀየራል። የተሰነጠቀውን ላግቶ መልሶ ማሰር ግን መወገድ አለበት። ቮላኖ በደቂቃ ሺህዎች ዙር ሲሽከረከር ቢፈነዳ ቁርጥራጩ የጋቢናውን ወለል ሊበሳ ይችላል።

በዚያው ካምቢዮ በወረደበት ጊዜ ሊታዩ የሚገባቸው ሌሎች ትናንሽ ነገሮች አሉ። ፔዳሉ ሲረገጥ ሞላውን የሚገፋው ኩሽኔታና በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ያለው ትንሹ ኩሽኔታ ከዲስኩ ጋር አብረው ቢቀየሩ ካምቢዮው ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና እንዳይወርድ ይጠብቃሉ። ከሞተሩ ኋላ ያለው ፓራኦሊዮ ዘይት የሚያፈስ ከሆነ አዲሱ ሸራ ገና ከመጀመሪያው ቀን ዘይት ይጠጣል፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ አይድንም። በካምቢዮው ቤት ውስጥ የተከማቸውን ጥቁር አቧራ በአየር ግፊት መንፋት የመካኒኩን ሳንባ ይጎዳል። አንዳንድ ርካሽና አሮጌ ሸራዎች ካንሰር አምጪ የሆነው አስቤስቶስ ስለሚኖርባቸው በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይገባል።

በጥገና እጦት ለወራት የሚቆሙ የመሥሪያ ቤት መኪናዎች ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይታያል። በክረምት እርጥበት ቮላኖው ዝጎ ዲስኩ ይጣበቅበታል። መኪናው በሚነሣበት ቀን ማርሽ አልገባ ይላል፤ ሸራውም ተልጦ ይቀራል። ምንም ኪሎ ሜትር ሳይሄድ የሚያልቅ ፍሪሲዮን ማለት ይህ ነው።

ባለ ሁለት ክፍሉ ቮላኖ

የናፍጣ ሞተር ባሕርይ ከአንድ ትውልድ ወዲህ ተለውጧል። ተርቦ ያልነበረው የድሮው የቶዮታ ሃይሉክስ ባለ 3 ሊትር ሞተር የሚሰጠው ቶርክ፣ ማለትም የማዞር ጉልበት፣ 200 ኒውተን ሜትር ገደማ ነበር። በኋላ የመጣው በተመሳሳይ ስፋት ያለው ባለ ተርቦ ሞተር 343 ኒውተን ሜትር ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ባለ 2.4 ሊትር ደግሞ እስከ 400 ይሰጣል። ይህ ጉልበት የሚመጣው በዝቅተኛ ዙር ነው። እያንዳንዱ ፒስቶን ሲተኩስ የሚፈጠረው ምት በካምቢዮው ጥርሶች ላይ እንዳይንቀጠቀጥ አምራቾች ቮላኖውን ሁለት አደረጉት። የጀርመኑ ሉክ ኩባንያ ይህን ቮላኖ እ.ኤ.አ. በ1985 በብዛት ማምረት ጀመረ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል የታጠፉ ረጃጅም ሞላዎች በግሪስ ተነክረው ይቀመጣሉ፤ የሞተሩን ምትም ይውጣሉ።

በጥሩ አስፋልት፣ በተመጠነ ጭነትና በሰለጠነ ሾፌር እጅ ይህ ዕቃ ጥሩ ነው። ካምቢዮን ያቆያል፤ ድምፅና መንቀጥቀጥ ይቀንሳል። ችግሩ ሙቀትን እንደ ድሮው ብረት አለመቻሉ ነው። ዳገት ላይ የተቃጠለ ፍሪሲዮን የሚያመነጨው ሙቀት ወደ ግሪሱ ይደርሳል፤ ግሪሱ ይደርቃል ወይም ይፈሳል፤ ሞላዎቹም ደርቀው ይፋጫሉ። አብዛኞቹ አምራቾች ፊቱ እንዲላግ አይፈቅዱም። ቶርኖ ቤት የነበረው መፍትሔ እዚህ ላይ ይዘጋል፤ ቮላኖው በሙሉ ይቀየራል። ዋጋውም ከራሱ ከፍሪሲዮኑ ስብስብ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

የበለጠ የሚያስቸግረው ሾፌሩ ሸራውን ለማዳን የሚወስደው እርምጃ ይህን ቮላኖ ሊጎዳው መቻሉ ነው። ፍሪሲዮኑን ላለማንሸራተት ሲል በከፍተኛ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር፣ ነዳጁን ሙሉ ረግጦ ዳገት የሚወጣ ሾፌር ሞተሩን «ያስለቅሰዋል»። የእያንዳንዱ ፒስቶን ምት በቀጥታ በእነዚያ ሞላዎች ላይ ያርፋል። በደከመ ባትሪ ሞተሪኖውን ደጋግሞ ማዞርም እንዲሁ ነው፤ እነዚህ ሞላዎች ይበልጥ የሚናወጡት ሞተሩ ከሥራ ፈት ዙር በታች በሚሆንበት ጊዜ ነውና። ናፍጣ የሚረጩት አፍንጫዎች ተበላሽተው ሞተሩ በእኩል የማይተኩስ ከሆነም ቮላኖው ዕዳውን ይከፍላል። በመሆኑም በደጋ መንገድ ሁለቱንም የሚያድነው ማርሽ ቀድሞ መቀነስና ጭነትን መመጠን ነው። ሌላ ብልሃት ብዙም አይገኝም።

የዚህ ቮላኖ ሕመም ምልክት አለው። ሞተሩ በሥራ ፈት ዙር ላይ ሲቆም የሚንኳኳ፣ በተለይ ሲጠፋ «ኳ» የሚል የብረት ድምፅ ያሰማል። ይህን የካምቢዮ ችግር አድርጎ በመውሰድ ካምቢዮ ማስፈታት አላስፈላጊ ወጪ ነው።

አንዳንድ ጋራዦች ባለ ሁለት ክፍሉን አውጥተው በባለ አንድ ክፍል ቮላኖ ይተኩታል፤ ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ ስብስቦችም በገበያ አሉ። ይህን ሙሉ በሙሉ ማውገዝ ተገቢ አይሆንም። ለገጠር ሥራ ብቻ የሚውል፣ ዓመታት የቆየ ፒክአፕ ላይ ወጪን በእርግጥ ይቀንሳል፤ ቮላኖውም ዳግመኛ ሊላግ ይችላል። ግን የተቀነሰው መንቀጥቀጥ የትም አይሄድም፤ ወደ ካምቢዮው ይዛወራል። ስብስቡ በመሃሉ ምት የሚውጡ ሞላዎች ያሉት ዲስክ ከሌለው የካምቢዮ ኩሽኔታና ጥርስ ቀድመው ያልቃሉ። ዋስትናው ያላለቀ መኪና ላይ ይህን መሥራት ደግሞ ዋስትናውን ሊያሳጣ ይችላል።

ዶላሩና ጨረታው

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ በ400 ዶላር የሚገዛ መለዋወጫ ቀድሞ ቀረጥና ትርፍ ሳይጨመር 23,000 ብር ገደማ ነበር፤ ዶላሩ 120 ብር በሆነ ጊዜ 48,000 ብር ይሆናል። መለዋወጫ በአገር ውስጥ በማይመረትበት ሁኔታ ይህ ጭማሪ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ይገባል። በሌላ በኩል መንግሥት ከ2016 ዓ.ም አጋማሽ ጀምሮ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። ውሳኔው በዋናነት የቤት አውቶሞቢሎችን ቢመለከትም የአቅጣጫ ለውጡን ያመለክታል። መብራት ያልደረሰበትን የገጠር መንገድ የሚሸፍኑት የናፍጣ ፒክአፖች ግን ገና ለብዙ ዓመታት መሥራታቸው አይቀርም። ያለውን መኪና ማቆየት ከምርጫነት ወደ ግዴታነት እየተሸጋገረ ነው።

እዚህ ላይ የገዢው ውሳኔ ይታሰባል። መሥሪያ ቤቶች፣ ዩኒየኖችና ማኅበራት ፒክአፕ ሲገዙ የጨረታ ሰነዱ የፈረስ ጉልበትን፣ የመቀመጫ ብዛትን፣ ከመሬት ያለውን ከፍታ ይዘረዝራል። ከዚያም ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። ቮላኖው ባለ አንድ ነው ወይስ ባለ ሁለት ክፍል፣ መለዋወጫው በአገር ውስጥ በእጅ ይገኛል ወይ፣ ሙሉ የፍሪሲዮን ስብስብ ከነ ቮላኖው ምን ያህል ያወጣል የሚሉ ጥያቄዎች ሲነሡ ግን እምብዛም አይሰማም። በግዢው ቀን የተቆጠበው ገንዘብ በሦስተኛው ዓመት በአንድ ቮላኖ ሊበላ ይችላል። ይበልጥ የሚጎዳው ግን ዕቃው እስኪገኝ መኪናው የሚቆምበት ጊዜ ነው። በሰኔና በሐምሌ ለሦስት ሳምንት የቆመ የግብርና ጽሕፈት ቤት ፒክአፕ የሚያስከትለው ኪሳራ በጥገና ደረሰኝ ላይ አይጻፍም፤ በዘገየ ክትባትና በዘገየ ዘር ይገለጣል። ሻጩ እነዚህን በጽሑፍ እንዲመልስ መጠየቅ ለገዢው ምንም አያስወጣውም።

ያገለገለ ፒክአፕ የሚገዛ ግለሰብም ይህንኑ ማጣራት ይችላል። አንድ ስም የያዘ ሞዴል እንኳ እንደተሠራበት ዓመትና እንደተላከበት ገበያ የተለያየ ቮላኖ ሊኖረው ስለሚችል በስሙ ብቻ መተማመን አይበቃም፤ የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ ከመለዋወጫ ሻጭ ጋር ማመሳከር ይገባል። ፍሪሲዮኑን መፈተሽ ደግሞ ቀላል ነው። ሜዳ መንገድ ላይ በአራተኛ ማርሽ እየተሄደ ነዳጁ በድንገት ሲረገጥ የሞተሩ ዙር ከፍጥነቱ ቀድሞ የሚዘል ከሆነ ዲስኩ እየተንሸራተተ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ በማዳመጥ የቮላኖውን ድምፅ መለየት ይቻላል። ሻጩ ሞተሩን ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ ሙከራው ከቀዘቀዘ በኋላ ቢደገም ይመረጣል።

ማኅበራት መኪና ተከራይተው ሲያጭኑ የሚፈርሙት ውል ላይ የኪራዩን መጠንና የመድረሻውን ቀን ያሰፍራሉ። የጭነቱ ጣሪያ በኩንታል፣ በጋቢና ያለው ሰው ብዛት ተቀንሶ ቢሰፍር፣ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ጭነቱን የሚያራግፈው ማን እንደሆነና የመራገፊያው ወጪ በማን እንደሚሸፈን ቢጻፍ በየክረምቱ ከሚነሣው ክርክር ግማሹ ከመንገድ በፊት ያልቃል። በኩንታል የሚከፈለው ኪራይ በዙር ቢተካ ደግሞ ሾፌሩ ከአቅም በላይ ለመጫን የሚገፋፋው ምክንያት ይቀንሳል። አርሶ አደሩ በአንድ ዙር የሚከፍለው ይጨምራል፤ ይህን ጭማሪ አሁን መክፈል ወይም በጥር በተወደደ ኪራይ መክፈል መካከል የሚመርጠው ግን የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ነው።